ለጎንደር ቤት የመጠጥ ውሃ ማከሚያ አመራረጥ፦ ካርቦን፣ ክሎሪን፣ ሸክላ ወይስ ማፍላት?

ፒያሳ ካሉት የቤት ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ የውሃ ማጣሪያ የጠየቀ ሰው፣ በብዙዎቹ ካርቶኖች ላይ «99.9 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ቁጥሩ የባክቴሪያ ይሁን የክሎሪን ሽታ ወይም የደለል፣ ካርቶኑ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ሻጩም ቢሆን «ሁሉንም ነው» ከማለት አያልፍም። ሁሉንም የሚያወጣ ርካሽ ዕቃ ግን የለም። አንዱ ሽታውን አጥፍቶ ጀርሙን ይተዋል፤ ሌላው ጀርሙን ገድሎ ድፍርሱን ይተዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያደርጋል፣ መብራት በጠፋ ቀን ግን የማዕድ ቤት ጌጥ ሆኖ ይውላል።

ከሁሉም ይልቅ በካርቦን ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብዙ የሚሸጠው፣ በሳይንስ ቤተ ሙከራዎችም ሰሞኑን ብዙ የሚወራለት፣ ገዢውም አብዝቶ የሚሳሳትበት እርሱ ስለሆነ ነው።

አስቀድሞ መስፈርቱ

የመጀመሪያው ጥያቄ ከውሃው ውስጥ ምን እንዲወጣ እንደምንፈልግ ነው። በውሃ የሚተላለፉ ተሕዋስያን በዋናነት በሦስት ወገን ይመደባሉ፤ መጠናቸውም እጅግ የተራራቀ ነው። ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ከፕሮቶዞዋ ወገን ሲሆኑ፣ ውሃ ውስጥ የሚቆዩበት ጠንካራ ቅርፊት የመጀመሪያው ከ8 እስከ 12 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ የሁለተኛው ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ይሆናል። የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ውፍረት ወደ ግማሽ ማይክሮን ይጠጋል። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያጠቃው ሮታ ቫይረስ ደግሞ አንድ አሥረኛ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀዳዳው 1 ማይክሮን የሆነ ማጣሪያ ጃርዲያን ከደጅ ሲመልስ ቫይረሱን በሰፊው በር ያሳልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ በዓይን የሚታየው ድፍርስነት፣ እንዲሁም ፈጽሞ የማይታዩት ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና የፀረ ተባይ ቅሪት አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያዎችን እየፈተነ በኮከብ ደረጃ ይሰጣል። ሁለት ወይም ሦስት ኮከብ የሚያገኘው ሦስቱንም የተሕዋስያን ወገን የሚቋቋም ዕቃ ነው፤ አንድ ኮከብ ያለው ከሦስቱ ለሁለቱ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በባክቴሪያ በኩል የሁለት ኮከብ መነሻ 99 በመቶ፣ የሦስት ኮከብ መነሻ 99.99 በመቶ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ የመጀመሪያው 10,000 ሲያስተርፍ ሁለተኛው የሚያስተርፈው 100 ብቻ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ውሃው ከታከመ በኋላ ምን ጥበቃ ይቀርለታል የሚለው ነው። ለጎንደር ሰው ከባዱ መስፈርት ይህ ይመስለኛል። ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች የሚመጣው የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚለቀቅ፣ በመጣ ቀን ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ አቅም ያለውም ሮቶው ይሞላና ቀናትን ተኝቶ ይከርማል። ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ የወረደ ውሃ ጣት በነካው ጣሳ ሲጨለፍ፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ዳግም ይበከላል። እንግዲህ ውሃን በቀዳነው ሰዓት ብቻ የሚያጠራና በሦስተኛው ቀን ምንም መከላከያ የማይተውለት ዘዴ ለእኛ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው መስፈርት መሣሪያው ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ግፊት ይሠራ እንደሆነ ሲሆን፣ አራተኛው የመግዣው ሳይሆን የዓመቱ ወጪ ነው፤ የሚለወጥ ዕቃ ካለው በየስንት ጊዜው ይለወጣል፣ ከየትስ ይገኛል? አምስተኛው ደግሞ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው፣ ተመራማሪዎችም ዘግይተው የደረሱበት ነው፤ ቤተሰቡ ዘዴውን በየቀኑ ያደርገዋል ወይ?

በዚህ በአምስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በቦሊቪያ ገጠር የተካሄደና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ውሃን በፕላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማከምን ለቤተሰቦች በሰፊው ካስተማረ በኋላ በሕፃናት ተቅማጥ ላይ ጉልህ ቅናሽ አላገኘም። ዘዴው በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ዘወትር የተጠቀመበት ሰው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። በአንጻሩ በዳካ ከተማ የጋራ ቧንቧዎች ላይ ክሎሪንን በራሱ የሚጨምር መሣሪያ ተገጥሞ፣ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም የሕፃናት ተቅማጥ በ23 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በዚያ ከእናቶች የተጠየቀ ተጨማሪ ሥራ አልነበረም። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ማይክል ክሬመርም ከባልደረቦቹ ጋር በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ውሃን ማከም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሩብ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። እነዚህ ግኝቶች ለአንድ ገዢ የሚነግሩት፣ በወር ሁለት ቀን ከሚሠራ ባለ ሦስት ኮከብ ዕቃ ይልቅ በየቀኑ የሚደረግ ተራ ዘዴ ልጁን የተሻለ እንደሚጠብቀው ነው።

ካርቦን

በማጣሪያ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል። እንጨት ወይም የኮኮናት ቅርፊት አየር በሌለበት ከሰል ከሆነ በኋላ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በእንፋሎት ይመታል። እንፋሎቱ የከሰሉን ውስጥ እየቦረቦረ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎችን ስለሚከፍትበት፣ የአንድ ግራም ካርቦን የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ከስምንት ግራም የማይበልጥ ጥቁር ዱቄት የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ስፋት ያለው ገጽ ይዟል ማለት ነው። ክሎሪን፣ መጥፎ ሽታና ጣዕም የሚሰጡ ነገሮች፣ ብዙ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ውሃው ሲያልፍ በዚህ ገጽ ላይ ተጣብቀው ወይም ከእርሱ ጋር ተዋህደው ይቀራሉ። በሆስፒታል መርዝ ለጠጣ ሰው በጊዜ ሲደርስ የሚሰጠው ጥቁር ዱቄትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በረኪና ለጠጣ ሰው ግን አይረዳም።

ካርቦን የማይችለውን ማወቅ ከሚችለው እኩል ያስፈልጋል። ፍሎራይድን፣ ናይትሬትንና ውሃን የሚያከብዱትን ጨዎች አያወጣም። ጥርቅም ብሎ የተጨመቀው ዓይነት ፕሮቶዞዋን ሊያስቀር ይችላል፤ እንደ ቆሎ የላላው ዓይነት ግን ባክቴሪያንም ቫይረስንም ያሳልፋል። ይባስ ብሎ ክሎሪኑን ስለሚበላው፣ ካርቦን ውስጥ የገቡ ባክቴሪያዎች የተጣበቀውን ምግብ እያገኙ ይራባሉ። ከዓመት በላይ ሳይለወጥ የቆየ ካርትሪጅ፣ ማለት ካርቦኑን የያዘውን የሚለወጥ የማጣሪያ ክፍል፣ ለሁለት ሰንጥቄ አይቻለሁ፤ ውጪው ደኅና ነጭ ጨርቅ ነበር፣ ውስጡ ግን በጣት ሲነካ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ሆኖ ነበር። ከዚያ ዕቃ የሚወርደው ውሃ እስከ መጨረሻው ቀን ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ነበር።

ባለፈው ክረምት በግቢያችን ቡና ተፈልቶ ሳለ ክሎሪን የሚለካ ኪኒን ይዤ መጣሁ። ይህ ኪኒን በውሃው ውስጥ ክሎሪን ካለ ወደ ሮዝ የሚለወጥ ነው። የክሎሪን መድኃኒት ከተጨመረበት አንድ ጀሪካን ሁለት ብርጭቆ ቀዳን፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን በካርቦን ማጣሪያ አሳልፈን። የመጀመሪያው ወዲያው ቀላ፤ ሁለተኛው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ማጣሪያው የራሳቸው የሆነው ጎረቤቴ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ታዲያ መድኃኒቱን ነው የሚያጣራው በለኛ!» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ መድኃኒቱንም ሽታውንም» አልኳቸው። እርሳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ የተጣራውን ውሃ መልሰው ጀሪካን ውስጥ ያስቀምጡት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ የቅደም ተከተል ሕግ ነው። ካርቦን የሚመጣው ከክሎሪን በኋላ፣ ክሎሪኑም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ያውም ወዲያው ለሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው። በካርቦን ያለፈ ውሃ መከላከያ የሌለው ስለሆነ ለነገ አይቀመጥም። ካርቦንን ብቻውን የጀርም ማጥፊያ አድርጎ መግዛት ደግሞ ስህተት ነው፤ ማሸጊያው ላይ የአሜሪካው ኤን.ኤስ.ኤፍ. 42 የሚል መለያ ካለ ዕቃው የተፈተነው ለጣዕምና ለሽታ ነው፣ 53 የሚል ካለ እንደ እርሳስ ላሉ ለጤና አሳሳቢ ለሆኑ በካይ ነገሮች ነው። የካርትሪጁ ዕድሜ ማለቁ በዓይንም በአፍም በጊዜ ስለማይታወቅ፣ የገባበትን ቀን በማይለቅ ብዕር ቅርፊቱ ላይ መጻፍ ግድ ነው።

«የቤታችንን ከሰል ብንጠቀምስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፤ ሞኝ ጥያቄም አይደለም። የቅዳሜ ገበያ ከሰል በአፈር ተከድኖ ዝቅ ባለ ሙቀት የተቃጠለ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ በሬንጅ መሰል ቅሪት የተደፈኑ ናቸው፤ አመዱም ውሃውን የአመድ ውሃ ጠባይ ይሰጠዋል። ሽታን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ምን ያህል ግን ከጆንያ ጆንያ ይለያያል። ከቡና ገለባ፣ ከባሕር ዛፍና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚሠራ ባዮቻር የሚባል ከሰል በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር የሚጠናው ይህን መለያየት በልክ ለመያዝ ነው። ተስፋ ያለው መስክ ነው፤ ዛሬ ግን ቤት ውስጥ በምጣድ አክስሎ ለሕፃን ውሃ ማጣራት ከዚያ ጥናት ጋር አንድ አይደለም።

ስለ ግራፊንም አንድ ቃል። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር በ2004 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳዩት፣ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ያስገኘላቸው ይህ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ፣ በኦክሳይድ መልኩ ተደራርቦ ጨውን ከውሃ እንዲለይ ተደርጎ ተሞክሯል፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ የታወቀ ነው። ውጤቱ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ካርቶን ላይ «ናኖ» ወይም «ግራፊን» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ተጨማሪ ብር የሚከፈልበት ምክንያት አላይም።

ክሎሪን

ውሃ አጋርን የመሰለ ፈሳሽ ወይም ኪኒን በጀሪካን ተጨምሮ 30 ደቂቃ ሲቆይ ባክቴሪያዎችንና ብዙዎቹን ቫይረሶች ይገድላል። ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን በዚህ መጠን አይደፍረውም። ትልቁ ጥቅሙ ከታከመ በኋላ በውሃው ውስጥ መቆየቱ ነው፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች አንዱም ይህን አያደርግም። የቤት መለኪያው ደንብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላም ከ0.2 እንዳያንስ ነው።

በክረምት አንገረብ ደለል ሲሸከም የሚመጣው ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ማዝቀጥ፣ ቀጥሎ በጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያ መድኃኒቱን በእጥፍ መጨመር ነው የሚመከረው። ጨርቁን አትናቁት። በባንግላዴሽ ያረጀ የሴቶች ልብስ አራት ጊዜ ታጥፎ ውሃ ሲጠለልበት የኮሌራ ሕመምተኞች ቁጥር ወደ ግማሽ መቀነሱን የሪታ ኮልዌል ቡድን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ነው ጨርቁ የያዘው። ያረጀው ከአዲሱ የተሻለው ክሩ ተበጣጥሶ ቀዳዳውን ስለሚያጠብ ነው፤ ያረጀ ነጠላ በየቤቱ አለ። ይህ ግን መቀነሻ እንጂ ማከሚያ አይደለም።

በረኪናን ለመጠጥ ውሃ የሚጠቀሙ አሉ። የክሎሪኑ መጠን በጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ ወይም ሽቶ ካለበት አይሞከር። በክሎሪን ሽታ ተማርሮ መድኃኒቱን ለሚተው ሰው ደግሞ የካርቦን ማጣሪያ ከላይ ባልኩት ቅደም ተከተል እውነተኛ አገልግሎቱን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ማፍላት

ማፍላት ሦስቱንም የተሕዋስያን ወገን ይገድላል፤ በዚህ በኩል የሚስተካከለው የለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ለጀርም ከበቂ በላይ ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ገንፍሎ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል።

ችግሩ ማገዶው ነው። 20 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 93 ዲግሪ ለማድረስ ብክነት ሳይቆጠር 1.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከሙቀቱ ሩቡን ብቻ ለድስቱ በሚሰጥ ምድጃ ላይ ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ከሰል ይሄዳል። ስሌቱ የእኔ ነው፣ ምድጃ ያላት እናት ግን ሳትሰላው ታውቀዋለች። በዚያ ላይ ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ብቻ ንጹሕ አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ውሃን ከጀርም ለማዳን ሳንባን መክፈል ጥሩ ገበያ አይሆንም።

ማፍላት ሌላም ያልተጠበቀ ጥቅም ተገኝቶለታል። የጓንጆ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲፈላ የሚፈጠረው ነጭ ቅርፊት ደቃቅ ፕላስቲክን ይዞ ስለሚዘቅጥ፣ ውሃው ከዚያ ሲጠለል እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ፕላስቲክ ከውሃው ይወጣል፤ ካልሲየም ባነሰበት ቀላል ውሃ ላይ ግን የሚወጣው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያው ዓመት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል የፕላስቲክ ስብርባሪ መቁጠራቸውን ገልጸዋል፤ ናሙናው የአሜሪካ ገበያ ነው። የታሸገ ውሃን የንጽሕና ጫፍ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። በተረፈ የታሸገ ውሃ ለመንገድና ለጥቂት ቀን እንጂ የቤት ዘዴ አይሆንም።

ሸክላ፣ አሸዋ፣ ፀሐይና ሪቨርስ ኦስሞሲስ

የሸክላ ማጣሪያ በ1981 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ በፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ የተቀመረ ሲሆን፣ ጭቃው ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ደቃቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ በላዩ ላይ የብር ቅንጣት ይቀባል። በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ያንጠባጥባል። ባክቴሪያንና ፕሮቶዞዋን በደንብ ይይዛል፣ በቫይረስ ላይ ደካማ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ውሃውንም ያቀዘቅዛል፤ የእንስራ ውሃ ጣዕም ለለመደ ሰው የሚስማማው ይህ ነው። ጠላቱ ስንጥቅ ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለው ማጣሪያ ድንገት ፈጠን ብሎ ማውረድ ይጀምራል፤ ባለቤቱ «ተሻሻለ» ብሎ ሲደሰት በእውነቱ መጣል ያለበት ጊዜ ደርሷል።

ባዮሳንድ የሚባለው የአሸዋ ማጣሪያ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ማንዝ የተሻሻለ ነው። ከላይ የሚፈጠረው ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን እስኪበስል እስከ አንድ ወር ይወስዳል፣ በየቀኑም ውሃ መጨመር አለበት። ከባድ ስለሆነ ለተከራይ አይሆንም፤ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ለሚጠቀም የገጠር ግቢ ግን ለዓመታት ያለ መለዋወጫ ያገለግላል። ውሃው ከዚያ በኋላ ክሎሪን ያስፈልገዋል።

በፀሐይ ማከም ንጹሕና ጥርት ያለ የ1 ወይም የ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስን ለ6 ሰዓት፣ በደመና ጊዜ ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማስተኛት ነው። በበጋ ለአንድ ሰው ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎንደርን ሰማይ ያየ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለት ውሃን በግፊት እጅግ ደቃቅ በሆነ ሽፋን የሚያሳልፈው ዘዴ፣ ፍሎራይድንና ጨውን ሳይቀር ያወጣል። ነገር ግን የቧንቧ ግፊት ወይም ፓምፕ ይፈልጋል፣ በተለመደው የቤት ዓይነት አንድ ሊትር ለመጠጥ ሲሰጥ ሦስት አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ያወርዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን መግዛት አልመክርም፤ የሚደፋው ውሃ ለልብስና ለሽንት ቤት ካልተጠራቀመ በስተቀር።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ዘዴ | ባክቴሪያ | ቫይረስ | ፕሮቶዞዋ | ሽታና ኬሚካል | ቀሪ ጥበቃ | መብራት ወይም ግፊት | ወጪው |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ካርቦን ብቻውን | ደካማ | የለም | እንደ ዓይነቱ | ጥሩ | የለም፣ ክሎሪንንም ያጠፋል | እንደ ዓይነቱ | ካርትሪጅ ይለወጣል |
| ክሎሪን | ጥሩ | ጥሩ | በክሪፕቶ ላይ ደካማ | ሽታ ይጨምራል | አለ | አይፈልግም | ዝቅተኛ |
| ማፍላት | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | የለም | ማገዶ | በየቀኑ ከፍተኛ |
| ሸክላ | ጥሩ | ደካማ | ጥሩ | ትንሽ | የለም | አይፈልግም | መካከለኛ፣ ይሰበራል |
| ባዮሳንድ | መካከለኛ | ደካማ | ጥሩ | ትንሽ | የለም | አይፈልግም | መጀመሪያ ብቻ |
| ፀሐይ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | የለም | የለም | ጥርት ያለ ሰማይ | ከሞላ ጎደል ነጻ |
| ሪቨርስ ኦስሞሲስ | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| ክሎሪን፣ ከዚያ ካርቦን | ጥሩ | ጥሩ | ካርቦኑ ጥቅጥቅ ከሆነ ጥሩ | ጥሩ | እስከ ካርቦኑ ድረስ | እንደ ካርቦኑ ዓይነት | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ክሎሪንና ክዳን ያለው፣ ከታች ቧንቧ የተበጀለት ባልዲ ይበቃዋል። ባልዲው ራሱ የመድኃኒቱን ግማሽ ያህል ይሠራል፤ ጣሳ ወደ ውስጥ አይገባምና።

ጡት ያስጣለች ወይም የዱቄት ወተት የምትበጠብጥ እናት ባለችበት ቤት የቤተሰቡ ውሃ በክሎሪን ታክሞ፣ የሕፃኑ ድርሻ ብቻ ይፈላ። በቀን ሁለት ሊትር ማፍላት የማንንም ከሰል አይጨርስም፤ ሃያ ሊትር ለማፍላት ተነሥቶ በሳምንቱ ከመተው ይህ ይሻላል። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም ስለሚበረታበት በክሎሪን ብቻ አይተማመን፤ የሚጠጣውን በሙሉ ያፍላ ወይም ከክሎሪኑ በፊት በሸክላ ያሳልፍ። አሮጌ የካርቦን ካርትሪጅ ከሁሉም በፊት መወገድ ያለበት ከዚህ ሰው ቤት ነው።

ገንዘብ ያለውና የክሎሪን ሽታ ያስመረረው ቤተሰብ ጥቅጥቅ ያለ የካርቦን ማጣሪያ ቢገዛ አልነቅፍም፣ ጀሪካኑን በክሎሪን ማከሙን እስካልተወ ድረስ። በጥምቀት ሰሞን ቤቱን እንግዳ የሚሞላው ሰው ደግሞ በማጣሪያ ጠብታ ሃያ ሰው አያጠጣም፤ ከዋዜማው ጀምሮ በልክ ክሎሪን የገባባቸው ጀሪካኖች ያሰልፍ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዘመድ ያለውና ማጣሪያ ገዝቶ ሊልክ ያሰበ ሰው ሌላ ስሌት ያስፈልገዋል። በዚያ ያለው ችግር ከዓለም ጤና ድርጅት የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን የሚያልፍ ፍሎራይድ ነው፤ ተራ ካርቦን አይነካውም። የአጥንት ከሰል የሚባለው ግን ይይዘዋል፤ የሚይዘውም በካርቦኑ ሳይሆን በአጥንቱ የካልሲየም ፎስፌት ነው። ከእንስሳ አጥንት ስለሚሠራ ለመጠጥ ውሃ መጠቀሙን የሚጸየፍ ሰው አለና፣ ከመላኩ በፊት የሚጠጡትን ሰዎች መጠየቅ ይቀድማል።

ዕድር ወይም የጋራ ግቢ በአንድነት ሊገዛ ካሰበ የዳካውን ውጤት ያስብ፤ በየቤቱ አሥር ማጣሪያ ከማከፋፈል፣ በጋራው ሮቶ ላይ ክሎሪን የሚጨምርና በየሳምንቱ በኪኒኑ የሚለካ አንድ ኃላፊ መሾም ይበልጥ ያዋጣል። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከርም ከዚህ ይጀመር። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት ያሠለጠነችና ተማሪዎችን ወደ ሕዝቡ የላከች ከተማ ውስጥ፣ ስለ ውሃ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም።

መደብር ለሚገባ ሰው ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ 99.9 የሚለው የምን ነው፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስና ፕሮቶዞዋ ተለይተው ተጽፈዋል ወይ፣ ካርትሪጁ ከስንት ሊትር በኋላ ይለወጣል? ለሦስተኛው መልስ ሲሰጥ መለዋወጫው በዚያው መደብር ውስጥ ተቀምጦ ይታይ፤ «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ከተባለ፣ ዕቃው በገባ በስድስተኛው ወር ጥቁር ውስጡ የሚያሟልጭ ማሰሮ ሆኖ እንደሚቀር አስቦ ይግዛ ወይም ይተወው።